ዐይን ከመምረጡ በፊት እግር ይጠየቅ

የመታጠቢያ ቤቱን አፍርሶ እንደገና ለማሠራት የቆረጠ ሰው፣ ገንዘቡን በኪሱ፣ ተስፋውን በልቡ ይዞ ወደ መርካቶ በወረደ ጊዜ፣ ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በግድግዳው ሴራሚክ ቀለም፣ በቧንቧው እጀታ ብልጭታ፣ በመስተዋቱ ስፋትና ውኃውን እንደ ዝናብ በሚያወርደው የሻወር ራስ ላይ ነው። እነዚህን ሁሉ መርጦ፣ ተከራክሮና ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ፣ የቀረችውን ጥቂት ብርና የደከመችውን ትዕግሥት ይዞ፣ ‹‹ለወለሉስ?›› ብሎ ባለሱቁን ይጠይቃል፤ ባለሱቁም ከግድግዳው ጋር የሚመሳሰለውን አንሥቶ ይሰጠዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው፣ ይህ ቅደም ተከተል ፈጽሞ የተገለበጠ መሆኑንና፣ የመታጠቢያ ቤት ዕድሳት መጀመር የሚገባው ሰው ባዶ እግሩን ከሚቆምባት፣ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ ከማትሞላው ወለል መሆኑን ነው።

ነገሩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው፣ የአዳም ልጅ በገዛ ቤቱ ውስጥ ሳለ በመታጠቢያው ወለል ላይ እንደ ቆመበት ሰዓት ደካማ የሚሆንበት ጊዜ የለም። ልብሱን አውልቋል፤ ጫማውን ትቷል፤ ሳሙናው ዐይኑን አስጨፍኖታል፤ እጆቹ ጠጉሩን በማሸት ላይ ናቸውና የሚይዙት ነገር የላቸውም፤ ከእግሩ በታች ያለውንም ውኃና ሳሙና ተባብረው አለስልሰውታል። በዚያች ሰዓት ግድግዳው ነጭ ቢሆን ወይም ሰማያዊ፣ እጀታው ወርቅ ቢመስል ወይም ብር፣ ለእርሱ የሚረባው ነገር የለም፤ የሚረባው፣ ሳያይና ሳይጠነቀቅ መላ አካሉን ዐደራ የሰጠው ያ ወለል ዐደራውን መጠበቁ ነው።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዐይኗ ሕክምና ከገጠር መጥታ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኘው ቤቴ ዐርፋ ሳለች፣ እኔው ራሴ መርጬ ባስነጠፍሁት፣ የሰው ፊት በሚያሳይ ሴራሚክ ላይ ቆማ በባልዲ ውኃ ስትታጠብ፣ ከሳሎን ሆነን የሰማነው የጣሳውን ድምፅ ነበር። ጣሳው እየተንከባለለ ከበሩ ጋር ሲጋጭ ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም ድምፅ አልነበረም። በሩን ከፍተን ስንገባ፣ እናቴ ነጠላዋን በግራ እጇ ወደ ራሷ ለመሳብ ትሞክራለች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ወደ ሕክምና ስንወስዳት በመንገድ ላይ ደጋግማ፣ ‹‹ዐይኔ ነው ልጄ፤ ባላይ ነው›› ትለኝ ነበር። ነገር ግን ሴራሚኩ ለዐይን የተሠራ እንጂ ለእግር እንዳልተሠራ ማየት የሚገባው፣ በሱቁ ውስጥ ሁለት ጤናማ ዐይኖች ይዞ የቆመው ልጇ ነበር። እርሷ ለዐይኗ መጥታ እጇ በጄሶ ታስሮ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህች ትንሽ ወለል መጠየቅና መማር ጀመርሁ።

የገላ መታጠብ ነገር በአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከተማይቱ ራሷ የተወለደችው ከመታጠቢያ አጠገብ ነውና። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውኃው ዙሪያ ይሰነብቱ እንደ ነበርና፣ እቴጌይቱም በ1879 ዓ.ም. አካባቢ በዚያ ቤት አሠርተው ለከተማይቱ መቈርቈር ምክንያት እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬም ፍልውኃ በዚያው ስፍራ የሚታጠበውን ሕዝብ ያስተናግዳል። በየቤታችን ያለው ልማድ ግን ከፍልውኃውም፣ በውጭ አገር ካታሎግ ላይ ከሚታየውም ሥዕል የተለየ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች፣ ቤተ ሰቡ ከሮቶ ወይም ከጀሪካን ቀድቶ በባልዲና በጣሳ ይታጠባል፤ አረጋውያን በበርጩማ ተቀምጠው ይታጠባሉ፤ ሕፃናት በሳፋ ይታጠባሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ በዚያው ወለል ላይ ልብስ ይታጠባል። ስለዚህ የእኛ የሻወር ወለል፣ አንድ ሰው ቆሞ ለዐሥር ደቂቃ የሚጠቀምበት ብቻ ሳይሆን፣ የባልዲ ጠርዝ፣ የበርጩማ እግርና የሳፋ ክብደት የሚያርፍበት የሥራ ቦታም ስለ ሆነ፣ ስንመርጠው ይህን ሁሉ ጠባያችንን በፊታችን አኑረን መሆን አለበት።

ምርጫው በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል። አንደኛው፣ በተለምዶ ሻወር ትሬይ የሚባለው፣ በፋብሪካ ተሠርቶና ተዳፋቱ ወጥቶለት የሚመጣ፣ አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ገንዳ ነው፤ ሁለተኛው፣ በቦታው ላይ በሲሚንቶ ተገንብቶ ሴራሚክ የሚለብሰው ወለል ነው። ትሬዩ ከልዩ ልዩ ነገር ይሠራል። አክሪሊክ የሚባለው፣ ከሥሩ በፋይበርግላስ የተደገፈው ዓይነት፣ ቀላልና ለእግር የማይቀዘቅዝ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ ባዶ ሆኖ በጥቂት እግሮች ላይ ብቻ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ሰው በቆመበት ቍጥር ጥቂት ሰምጦ ይመለሳል፤ በዚህም መመላለስ ከግድግዳው ጋር ያያያዘው ሲልከን ይለቅና ውኃ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ስለዚህ አክሪሊክ የመረጠ ሰው፣ ከሥሩ የሲሚንቶ ቡኮ ተነጥፎ ትሬዩ በመላ ሆዱ እንዲያርፍ ማዘዝ ይገባዋል። በኢናሜል የተለበጠው የብረት ትሬይ ጠንካራና ለማጽዳት የተመቸ ሲሆን፣ ከባድ ዕቃ ወድቆበት ኢናሜሉ በተፈነቀለ ጊዜ ዝገት ከዚያች ቁስል ይጀምራል። የሸክላው ዓይነት ጭረት የማይደፍረው ነው፤ ገጹ ልሙጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ያንሸራትታል። የተፈጨ ድንጋይ ከሬዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚፈስሰው ትሬይ ደግሞ ከሁሉ የሚረጋው ነው፤ የማይረግብ፣ ገጹም ሻካራነት ሊሰጠው የሚችል፣ ነገር ግን ክብደቱና ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ትሬይ የሚገዛ ሰው ታላቅ ትርፉ፣ ውኃው የሚሄድበት መንገድ በፋብሪካ ተሠርቶ መምጣቱና፣ መገጣጠሚያውም በዳር ዳሩ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሠራተኛው በውኃ ልክ አስተካክሎ ካስቀመጠው፣ የተቀረውን ትሬዩ ራሱ ይሠራዋል። ጕድለቱም መጠኑ የተቈረጠ መሆኑ ነው፤ 80 በ80፣ 90 በ90 ወይም 80 በ120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይመጣል፤ ግድግዳችን ግን ብዙ ጊዜ ለፋብሪካ ልክ አይታዘዝም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በተለሰነው ግድግዳ መካከል ያለውን ስፋት ከላይም ከታችም መለካት፣ የመውረጃው ቀዳዳም ከነባሩ ቧንቧ ጋር መገጠሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሴራሚኩ ከተፈረሰ በኋላ የሚገኝ የሦስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ብዙ ጸጸት የሚያመጣ ልዩነት ነውና።

በቦታው የሚሠራው ወለል ለማንኛውም ስፋትና ቅርጽ ይታዘዛል፤ ከባልዲና ከበርጩማ ጋር ለሚኖረው ኑሯችንም ይስማማል። ነገር ግን ምሥጢሩ ሁሉ ከማይታየው ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ሴራሚክ ራሱ ውኃ የሚከለክል ይመስለዋል፤ ሴራሚኩ ቢከለክልም እንኳ፣ በመካከሉ ያለው የሲሚንቶ መገጣጠሚያ ውኃ ይጠጣል፤ ያ ውኃ ቀስ በቀስ ወርዶ ወደ ሶሌታው ይደርሳል። ውኃን በእውነት የሚከለክለው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው፣ ሠራተኞቻችን ዋተር ፕሩፍ የሚሉት ሽፋን ነው፤ እርሱም በወለሉ ላይ ብቻ ቀርቶ የሚበቃ ሳይሆን፣ በማዕዘኑ ሳይቋረጥ ወደ ግድግዳው መውጣት፣ ውኃው በሚረጭበትም በኩል እስከ ሻወሩ ራስ ቁመት መድረስ አለበት። ከዚህ ቀጥሎ ተዳፋቱ ይመጣል። ግንበኞች ስሎፕ የሚሉት ይህ ዝንባሌ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል፤ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ውኃው ይተኛል፤ በጣም በበዛ ጊዜም የቆመው ሰው ቁርጭምጭሚት ይደክማል፣ በርጩማውም ይዘማል። በ90 በ90 ወለል መካከል ላይ ለተቀመጠ መውረጃ፣ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው ያለው ልዩነት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው በዐይኑ የማያየው፣ ውኃ ግን የማይስተው ልክ ነው።

ይህን በዐይኔ ያሳዩኝ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ ግንበኛ ናቸው። ከእናቴ መውደቅ በኋላ ወለሉን ለማስቀየር ጠርቻቸው፣ ‹‹አባባ፣ ሴራሚኩን ዛሬውኑ ገዝቼ ልምጣ?›› ብላቸው፣ ‹‹ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ እንየው›› አሉኝ። አንድ ጣሳ ውኃ ቀድተው ከማዕዘኑ በቀስታ አፈሰሱና ሁለታችንም ጕልበታችንን ዐጥፈን ተመለከትን። ውኃው ወደ መውረጃው የሄደ መስሎ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ፣ አንዲት ሴራሚክ ዙሪያ ተጠማዝዞ፣ ዝግ እያለ፣ ወደ በሩ መጣ፤ የቀረውም በሌላው ማዕዘን እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ተኛ። እናቴ የወደቀችው በትክክል ከዚያ ከተኛበት ስፍራ ላይ ነበር። ሽማግሌው በእርሳስ ዙሪያውን አሠመሩና፣ ‹‹ሳሙናው ሁሉ የሚቀመጠው እዚህ ነው›› አሉ። አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በቆምሁበት ወለል ላይ ያላየሁትን ነገር፣ አንድ ጣሳ ውኃ በአንድ ደቂቃ አሳየኝ።

አዲሱ ወለል ተገንብቶ ሽፋኑ ከደረቀ በኋላም፣ ሴራሚኩ ከመለበጡ በፊት፣ ሽማግሌው መውረጃውን በላስቲክና በጨርቅ ወትፈው ወለሉን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ሞሉት፤ የውኃውን ጫፍም በግድግዳው ላይ አሠምረው እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ይህ የሃያ አራት ሰዓት ፈተና በብዙ አገር የታወቀ ሥርዓት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ቸኩሎ ሴራሚክ መለጠፍ ስለ በዛ፣ ባለቤቱ ካልጠየቀ የሚያደርገው ጥቂት ነው። በዐለትና በአሸዋ ላይ ስለ ተሠሩት ሁለት ቤቶች የሚናገረውን የወንጌል ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ሁለቱም ቤቶች ጎርፍ እስኪመጣ ድረስ ለሚያያቸው አንድ ነበሩ። አስተዋይ ባለቤትም ጎርፉን ራሱ በገዛ ፈቃዱ፣ በልክና በጊዜው ጠርቶ ቤቱን ይፈትናል፤ ሳይጠራው የሚመጣው ጎርፍ፣ ሴራሚኩ ከተለጠፈና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ይመጣልና።

ፈተናውን ለመፈጸም ከታች ያለውን ጣሪያ ማየት ስለሚያስፈልግ፣ ሁለተኛ ፎቅ ወደምትኖረው ጎረቤቴ ወረድሁ። በዚያም ሌላ ነገር አየሁ። በመታጠቢያ ቤቷ ጣሪያ ላይ፣ በሶሌታው ግርጌ፣ እንደ ቡና አተላ የጠቈረ ሰፊ ምልክት ነበር፤ ከሥሩም ሳፋ ተቀምጦ ነበር። ሳፋው ከመቼ ጀምሮ እንደ ተቀመጠ ብጠይቃት፣ ‹‹እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው ወንድሜ፤ ክረምት ካለፈ ወዲህ ነው›› አለችኝ። እርሷ ይሉኝታ ይዟት ዝም ባለችበት ወራት ሁሉ፣ እኔ የታጠብሁበትን ውኃ እርሷ በሳፋ ስትቀበል ኖራለች። በፎቅ የምንኖር ሰዎች ይህን በልባችን ልንጽፈው ይገባል፤ የእኛ ወለል ለባልንጀራችን ጣሪያ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቍጥር 370/1995 የግል የሆነውን ቤትና የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል ለይቶ ሥርዓት ያበጀለት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ይዞታ እርስ በርሱ የተሳሰረ ስለ ሆነ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ ኅሊና ይበቃ ነበር፤ እኔም ያን ቀን የጎረቤቴን ጣሪያ ለማስጠገንና ለማስቀባት ቃል ገብቼ ወጣሁ፤ ቃሌንም ፈጸምሁ።

ወደ ገጹ ነገር ስንመለስ፣ የሚያንሸራትትና የማያንሸራትት ወለል በግምት ብቻ የሚለይ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲያውቅ እወዳለሁ። በጀርመን አገር ዲን 51097 በተባለው መለኪያ የታወቀ ፈተና አለ፤ ሰው ባዶ እግሩን በሳሙና ውኃ በራሰ ሰሌዳ ላይ ይራመዳል፤ ሰሌዳውም ቀስ በቀስ እንዲያዘነብል ተደርጎ ሰውየው መንሸራተት የሚጀምርበት ማዕዘን ይለካል። 12 ዲግሪ የደረሰው ኤ፣ 18 የደረሰው ቢ፣ 24 የደረሰው ሲ የሚል ማዕርግ ይሰጠዋል፤ ለሻወር ወለልም የሚመከረው ቢ ነው። ባለሱቆች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት፣ አር ከሚል ፊደል ጋር የሚጻፈው ቍጥር ግን ጫማ ላደረገ ሰው የተለካ ስለ ሆነ፣ ለባዶ እግር ምስክር ሊሆን አይችልም። በካርቶኑ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ያላገኘ ሰው፣ አንዱን ሴራሚክ አስቀምጦ፣ በውኃና በሳሙና አርሶ፣ በባዶ እጁ መዳፍ ተጭኖ ይግፋው፤ መዳፉ እንደ ዓሣ የሚያመልጥ ከሆነ እግሩም እንዲሁ ያመልጣል። ከዚህም ሌላ ትናንሽ ሴራሚኮች፣ አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር የሆኑት፣ በመካከላቸው ብዙ መገጣጠሚያ ስላለ እግርን ይይዛሉ፤ ወደ መውረጃውም በየአቅጣጫው ለማዘንበል ይታዘዛሉ። ዛሬ ፋሽን የሆነው ስድሳ በስድሳ ሴራሚክ ግን ወደ መካከል ወደሚያዘነብል ወለል ሳይቈረጥ አይታጠፍም፤ እርሱን የሚወድ ሰው በአንደኛው ግድግዳ ሥር ረጅም መውረጃ አስገጥሞ፣ ወለሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማዘንበል አለበት።

ደፉም ሊታሰብበት ይገባል። ዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገነባ ደፍ ውኃን ይገታ ይሆናል፤ ለአረጋዊት እናት ግን በእርጥብ እግር በአንድ እግሯ ቆማ የምትሻገረው ግንብ ነው። ተዳፋቱ በትክክል ከተሠራ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ደፍ ይበቃል፤ ቦታው ከፈቀደም ደፍ ጨርሶ ሳይኖር መሥራት ይቻላል። ዛሬ ጤናማ ሆኖ ቤቱን የሚያድስ ሰው፣ ወለሉ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚቀመጥ መሆኑን አስቦ፣ የራሱን እርጅናም አብሮ ቢያስተናግድ ጥበብ ነው። በግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ለማስገጠምም፣ ግድግዳው ከመለበጡ በፊት እንጂ በኋላ ማሰብ አይጠቅምም።

ስለ ንጽሕናውም አንድ ቃል ልጨምር። ከመጠን ያለፈ ሻካራ ወለል የሳሙናን ዝቃጭ ይዞ ያስቸግራል፤ ስለዚህ የሚፈለገው እግር የሚይዝ፣ መወልወያም የማያደናቅፍ መካከለኛው ነው። ነጭ የውኃ ቅርፊትን ለማስለቀቅ በወለሉ ላይ አሲድ ማፍሰስ በእኛ ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ አሲዱ ግን የሚበላው ቅርፊቱን ብቻ አይደለም፤ በሴራሚኩ መካከል ያለውን ሲሚንቶም ይበላል። ውኃ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ እንደ ሆነም፣ በመውረጃው ሲፎን ውስጥ ተኝቶ የቧንቧውን ሽታ የሚከለክለው ጥቂት ውኃ ይደርቃልና፣ አንድ ጣሳ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃዋል።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ ለሚለኝ ሰው መልሴ ይህ ነው። በፎቅ ላይ የሚኖርና፣ ሽፋኑን በሥርዓት ቀብቶ የሃያ አራቱን ሰዓት ፈተና የሚያሳየው ሠራተኛ ያላገኘ ሰው፣ ገጹ ሻካራ የሆነ አንድ ወጥ ትሬይ ይግዛ፤ ከሥሩም ቡኮ ተነጥፎ ይቀመጥለት። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያገኘ ሰው ግን፣ በተለይ በቤቱ አረጋውያንና ሕፃናት ያሉት፣ በትናንሽ ደብዛዛ ሴራሚክ የለበሰ፣ ደፉ ዝቅ ያለ ወለል በቦታው ያሠራ፤ እኔም ይህን አድርጌያለሁ። ወጪው ይበዛል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው፣ ይበዛል። ነገር ግን ግድግዳውን በርካሽ ሴራሚክ ለብጦ ወለሉን በደኅና ማሠራት ይቻላል፤ ግድግዳ ሳይፈርስ ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል፤ ወለል ግን ከተበላሸ ግድግዳውንም ይዞ ይፈርሳል። ውበትን አልንቅም፤ የማሳስበው፣ ዐይን የሚመርጥበት ተራ ከእግር በኋላ እንዲሆን ብቻ ነው።

እናቴ በማግሥቱ ዓመት ለዐይኗ ክትትል ተመልሳ መጣች። ባልዲዋን፣ ጣሳዋንና በርጩማዋን አስገብተንላት ውጭ ቆመን ነበር። ታጥባ፣ ጠጉሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ፣ ቡናው ደርሶ እንደ ሆነ ጠየቀችን፤ ስለ ወለሉ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከእርሷ አልፈለግሁም።

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ዛሬ ማታ አንድ ጣሳ ውኃ ከመታጠቢያ ቤታችሁ ማዕዘን በቀስታ አፍስሱና፣ ጕልበታችሁን ዐጥፋችሁ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።